«አብረን እንውጣ»

ከእስር ስላመለጡ ሰዎች የተጻፉ እውነተኛ ታሪኮችን ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ብዙ ሰው ከእነዚህ ታሪኮች የሚያስታውሰው ዋሻውን፣ በድብቅ የተሠራውን ቁልፍ፣ የተቆረጠውን ሽቦ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የሚመጣው ነገር ነው። አንዱ እስረኛ ወደ ሌላው ጠጋ ይላል። ግራ ቀኙን ያያል። ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ለመጥፋት አስቤያለሁ፤ አብረን እንውጣ» ይላል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያንን ቃል የተናገረ ሰው ሕይወቱን ለሌላ ሰው አስረክቧል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይወራው የተጠያቂው ጉዳይ ነው። እሱም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰላም የለውም። እሺ ቢል ሊሞት ይችላል። እምቢ ቢል፣ አውቆ ዝም ብሏል ተብሎ ሊቀጣ ይችላል። ሄዶ ቢናገር ደግሞ ወዳጁን አስገድሎ ይኖራል። ትናንት ማታ ሲተኛ ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም።

ስለዚህ የሚያመነታውን እስረኛ ፈሪ ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። እንዲያውም ደጋግሜ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ጥሩ እቅድ ብዙ ጊዜ የሚወለደው «ቆይ እስቲ» ካለው ሰው ጥያቄ ነው።

ካዚሚየሽ ፒየሆቭስኪን እንውሰድ። ፖላንዳዊ ነው። የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ወደነበረው አውሽዊትዝ የገባው ካምፑ በተከፈተ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤውጌኒዩሽ ቤንደራ የሚባል መካኒክ ወደ እሱ መጣ። ቤንደራ የሚሠራው የጀርመኖቹ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሊገደሉ ከታሰቡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንዳለ ሰምቷል። መኪና ማግኘት እችላለሁ፣ እንጥፋ ነው ያለው።

ቤንደራ ቢቆይም ሟች ነው። ምንም የሚያጣው ነገር የለም። ፒየሆቭስኪ ግን ሌላ ሂሳብ ነበረበት። በአውሽዊትዝ አንድ ሰው ከጠፋ፣ በእሱ ፈንታ ከቀሩት መካከል 10 ሰው ተመርጦ ሊገደል ይችላል። ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። በ1941 አንድ እስረኛ ጠፋ ተብሎ 10 ሰዎች በረሃብ እንዲሞቱ ተመርጠዋል። ከተመረጡት አንዱ ፍራንቺሼክ ጋዮቭኒቼክ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ሲያለቅስ፣ ማክሲሚልያን ኮልቤ የሚባል ቄስ ከሰልፉ ወጥቶ በእሱ ምትክ እንዲሞት ጠየቀ። ተፈቀደለት። ኮልቤ እዚያው ሞተ። ጋዮቭኒቼክ እስከ 1995 ድረስ ኖረ።

እንግዲህ ፒየሆቭስኪ ያመነታው ይህ በሚደረግበት ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ስወጣ ማን ይሞታል? ይህን ጥያቄ «አሁን እሱን ተወው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሞት የተፈረደበት ጓደኛ እያጣደፈ ጊዜ መግዛት ቀላል አይደለም። እነሱ ግን ለጥያቄው መልስ ፈለጉለት። በካምፑ ውስጥ ጋሪ እየገፉ ዕቃ የሚያመላልሱ ትንንሽ የሥራ ቡድኖች ነበሩ። በመዝገብ ላይ የሌለ፣ አራት ሰው ያለው የውሸት ቡድን ፈጠሩ። እንዲህ ከሆነ አብሯቸው ይሠራ ነበር ተብሎ የሚጠየቅ ጓደኛ አይኖርም። ሁለት ሰው ስለጎደላቸው ዮዜፍ ሌምፓርት የሚባል ቄስና ስታኒስዋቭ ያስተር የሚባል ወጣት ተጨመሩ።

ጁን 20 ቀን 1942፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። ጋሪያቸውን እየገፉ ከውስጠኛው በር ወጡ። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገብተው ካምፑን የሚጠብቀውን የናዚዎች ጦር፣ የኤስ ኤስን መኮንኖች ልብስ ለበሱ፣ መሣሪያ ያዙ። ቤንደራ መኪናዋን አመጣ። መጨረሻው ኬላ ላይ ሲደርሱ ማገጃው አልተነሳላቸውም። መኪናዋ እየቀረበች ነው፤ ማገጃው እንደተዘጋ ነው። ጀርመንኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ፒየሆቭስኪ ከመኪናዋ ብቅ ብሎ በዘበኛው ላይ ጮኸበት። ማገጃው ተነሳ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ የሚያደምቁት ያንን ጩኸት ነው። ልክ ናቸው፣ የሚገርም ነገር ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የውሸት ቡድኑ ነው። እሱ ባይኖር አራቱ ወጥተው፣ ምንም የማያውቁ አሥር አሥር ሰዎች ሊሞቱ ይችሉ ነበር። የውሸት ቡድኑን ያስገኘው ደግሞ ማመንታት ነው።

ያም ሆኖ ሁሉንም ሰው ማዳን አልተቻለም። ከጊዜ በኋላ የያስተር ወላጆች ተይዘው ወደዚያው አውሽዊትዝ ተወሰዱ፤ እዚያም ሞቱ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ታሪኩ ያማረ ይሆን ነበር። ግን የሚያመነታ ሰው ልቡ ውስጥ የሚመላለሰው ይኸው ነው። ግቢው ውስጥ ያለውን አስልተህ ጨርሰህ፣ ከግቢው ውጭ ያለው ይቀርሃል። እናት አለች። አባት አለ። ስማቸውና አድራሻቸው መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በአፓርታይድ ዘመን፣ ማመንታቱም ሌላ መልክ ነበረው። ቲም ጀንኪን፣ ስቲቨን ሊ እና አሌክስ ሙምባሪስ ፕሪቶሪያ ውስጥ የታሰሩ ነጭ የፖለቲካ እስረኞች ነበሩ። ጀንኪንና ሙምባሪስ 12 ዓመት፣ ሊ 8 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ጀንኪን የዘበኞቹን ቁልፍ በዓይኑ እየለካ፣ በእስር ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ከእንጨት ቁልፍ ቀረጸ። ዲሴምበር 11 ቀን 1979 በር በበር እየከፈቱ ወጡ። የመጨረሻው በር በቁልፍ እምቢ ስላላቸው ፈልፍለው ነው የከፈቱት።

እዚያው ቤት ውስጥ ዴኒስ ጎልድበርግ ነበር። በ1964 ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በአንድ ችሎት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ከፍርዱ በኋላ 15 ዓመት አልፎታል። እቅዱን ያውቃል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ለማምለጥ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት ትሉ ይሆናል። እሱ ግን አልወጣም። በዚያች ማታ የሌሊት ዘበኛውን ወደ ራሱ ስቦ እየያዘ ሦስቱ እንዲወጡ አገዘ። ጎልድበርግ የተፈታው በ1985 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ሦስቱ ሰዎች ጎልድበርግን ገፍተው ገፍተው «ወይ ከእኛ ጋር ነህ ወይ ከእነሱ» ቢሉት ኖሮ ምን ያገኙ ነበር? ምናልባት አራተኛ ሰው። ያጡት የነበረው ግን ዘበኛውን የሚይዝላቸውን ሰው ነው። «እኔ አልወጣም» ያለ ሰው «እኔ አላግዝም» አላለም። ይህን ልዩነት የማይሰማ ጠያቂ ጥሩ ጠያቂ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የምመለስበት ግን የፍሬድሪክ ዳግላስ ታሪክ ነው። ዳግላስ ግንብ ውስጥ አልታሰረም። አሜሪካ ውስጥ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ባሪያ ነበር። ግን የትም ዞር ብትል የሚይዝህ ሕግ ካለ፣ ግንብ ባይኖረውም ያው እስር ቤት ነው። በ1836 መጀመሪያ ላይ፣ ገና በ18 ዓመቱ ገደማ፣ ለመጥፋት ወሰነ። ብቻውን መሞከር ይችል ነበር። አልፈለገም። አብረውት እርሻ ላይ የሚሠሩትን ወጣቶች በጣም ይወዳቸው ነበር። በእሑድ ቀን ተደብቆ ማንበብ ያስተምራቸዋል። ወንድማማቾቹን ሄንሪና ጆን ሃሪስን ጠየቀ። ሄንሪ ቤይሊን፣ ቻርልስ ሮበርትስንና ሳንዲ የሚባለውንም ጨመረ።

በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንዴት እንደጠየቃቸው በዝርዝር ጽፎታል። ዘው ብሎ «እንጥፋ» አላላቸውም። መጀመሪያ ሐሳባቸውን አዳመጠ። ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ ስለ ባርነት ግፍ አወራቸው። ልባቸው እንደተዘጋጀ ሲያይ ነው ዋናውን ነገር የተናገረው። ከዚያ በኋላም ደጋግመው ተገናኝተዋል።

እኔ በጣም የምወደው በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ያደረጉትን ነው። ፍርሃታቸውን አልደበቁም። አንድ በአንድ አወጡት። በየኬላው ዘበኛ አለ። በየጀልባው መሻገሪያ ጠባቂ አለ። ረሃብ አለ። በውሻ መታደን አለ። በጥይት መመታት አለ። ተይዞ መመለስ አለ። ነጻነት ደግሞ ሩቅ ነው፤ ደርሰውም እንኳ ተይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። አንዳንዴ ይህን ሁሉ ሲደምሩት፣ ያለንበት ይሻላል እስከማለት ይደርሱ ነበር። ዳግላስ ራሱ ነው ይህን የጻፈው። ጠያቂው ራሱ እንደሚፈራ ለተጠያቂዎቹ ግልጽ ነበር። እኔ ይህን ነው ሐቀኛ ልመና የምለው። «ምንም አይደርስብንም፣ አይዞህ» የሚል ሰው የራሱን እቅድ አያውቀውም፣ ወይም እየዋሸ ነው።

እቅዳቸው ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ ማታ ትልቅ ታንኳ ወስደው፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን ቀዝፈው መውጣት ነበር። ርቀቱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጻፍ የሚችለው ዳግላስ ለእያንዳንዳቸው በአንድ ባሪያ አሳዳሪ ስም የይለፍ ወረቀት ጻፈላቸው። ቀኑ ሳይደርስ ሳንዲ ሐሳቡን ለወጠ። ይቅርብኝ አለ። እነሱን ግን ማበረታታቱን አላቆመም። ተዉት። አላስፈራሩትም፣ አልጎዱትም።

ቅዳሜ ጠዋት ተያዙ። አንድ ሰው ነግሮባቸዋል።

ሄንሪ ሃሪስ አልታሰርም ብሎ ታገለ። ሽጉጥ ተደግኖበት እንኳ እጁን አልሰጥም አለ። በዚያ ግርግር ዳግላስ የራሱን የይለፍ ወረቀት እሳት ውስጥ ጣለው። ታስረው በመንገድ ላይ ሲወሰዱ ሄንሪ የእኔን ወረቀት ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀ። ከብስኩትህ ጋር ብላው አለው ዳግላስ፤ ምንም እንዳታምኑ ብሎም መከራቸው። ያ ከሳምንታት በፊት ያመነታ ወጣት ማስረጃውን እያላመጠ፣ ወዳጁን ሳያጋልጥ ሄደ። በማስገደድ የተመለመለ ሰው ይህን የሚያደርግ አይመስለኝም። ለመወሰን ጊዜ ያገኘ ሰው ነው እንዲህ የሚጸናው።

ማን ነገረባቸው? ዳግላስ በኋላ እንደጻፈው ብዙ ነገር ወደ ሳንዲ ያመለክት ነበር። ግን በጣም ስለሚወዱት ሊጠረጥሩት አልቻሉም። መቼም በእርግጠኝነት አልታወቀም።

እዚህ ጋ አንድ ሰው «አየህ፣ እምቢ ያለውን ሰው መልቀቅ ጦሱ ይህ ነው» ሊለኝ ይችላል። ክብደቱ ይሰማኛል። ደግሞም ባዶ ክርክር አይደለም። እምቢ ያለ ሰው ምስጢሩን ይዞ ይሄዳል። ግን ሌላው አማራጭ ምን ነበር? ሳንዲን በማስፈራራት ታንኳው ላይ መጫን? ወይስ ዝም ማሰኘት? ነጻ ልውጣ ብለህ ተነስተህ፣ የመጀመሪያው ሥራህ ሌላ ሰውን ማስገደድ ከሆነ ያሰሩህን ሰዎች ሥራ ተረክበሃል። ዳግላስ ሳንዲን በመልቀቁ ተሳስቷል ብዬ አላምንም። ከተያዘ በኋላም ቢሆን አላምንም።

የጠያቂው ዕዳም ቀላል አልነበረም። ሲያዙ የእርሻው ጌታ እናት ሄንሪንና ጆንን በብስኩት እያባበለች፣ እነሱን አጥፍቶ ሊወስድብኝ የነበረው አንተ ነህ እያለች ዳግላስን ረገመችው። ከፋሲካ በኋላ ጓደኞቹ ወደ እርሻው ሲመለሱ እሱ ብቻውን ወህኒ ቀረ። ከእነሱ መለየቱ ከሁሉም የበለጠ እንደጎዳው ጽፏል። በሴፕቴምበር 1838 ያመለጠው ብቻውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ ቦታ ደግሞ አለ። ሶቢቦር። በምሥራቅ ፖላንድ የነበረ የናዚዎች የመግደያ ካምፕ ነው። እዚያ «ብቀርስ?» የሚል ጥያቄ ትርጉም አልነበረውም። የቀረ ሁሉ ተራው ሲደርስ ይሞታል። የሶቪየት ጦር መኮንን የነበረው አይሁዳዊው አሌክሳንደር ፔቸርስኪ እዚያ የደረሰው በሴፕቴምበር 1943 ነው። ከሚንስክ በመጣ ባቡር ወደ 2,000 ሰው ነበር። ለሥራ የተመረጡት 80 ገደማ ናቸው። የቀሩት ወዲያው በጋዝ ተገደሉ።

በካምፑ ውስጥ በሌዎን ፌልድሄንድለር የሚመራ ትንሽ የምስጢር ቡድን አስቀድሞ ነበር። ፌልድሄንድለር ወደ ፔቸርስኪ መጣ፤ ውጊያ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ነው። የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው ሽሎሞ ላይትማን የሚባል እስረኛ ያስተረጉምላቸው ነበር። የመሞት ቁርጥ ውሳኔን በአስተርጓሚ መነጋገር ምን እንደሚመስል አስቡት። ስብሰባውን ለመሸፈን ደግሞ ፔቸርስኪ ሉካ ከምትባል ወጣት ጋር እንደ ፍቅረኛ ተቀምጦ ያወራ ነበር።

ጥቂት ሆኖ መጥፋት ይቀል ነበር። ፔቸርስኪ ግን የሚቀሩት ሁሉ እንደሚገደሉ ስላወቀ፣ ሁሉም የሚወጣበት እቅድ ካልሆነ አልተቀበለም። የፒየሆቭስኪ ጥያቄ እዚህም አለ። መልሱ ግን ሌላ ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ከሰዓት በኋላ የኤስ ኤስ መኮንኖችን አንድ በአንድ ልብስ ለኩ፣ ቦት ጫማ ለኩ እያሉ ወደ ልብስ ስፌቱና ወደ ጫማ ሥራው ክፍል ጠርተው ገደሏቸው።

በዚያን ቀን ካምፑ ውስጥ ወደ 600 እስረኞች ነበሩ። እቅዱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ አልተጠየቁም። አልተነገራቸውምም። ቀኑ ሲደርስ፣ በሰልፉ ቦታ ላይ፣ ሩጡ ተባሉ። ለማመንታት የነበራቸው ጊዜ ያቺ ደቂቃ ብቻ ናት። 300 ገደማ ወጡ። ብዙዎቹ ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ ላይና በጫካው ውስጥ አለቁ። ጦርነቱ እስኪያልቅ በሕይወት የቆዩት 50 ገደማ ናቸው። እዚያው ግቢ የቀሩት ደግሞ ተገደሉ። ከቀሩት መካከል መሮጥ ያልቻሉ ነበሩ። ነገሩ ምን እንደሆነ ያልገባቸውም ነበሩ።

ይህ ጉዳይ ለእኔ እስካሁን ይከብደኛል። ሰውን ሳትጠይቀው ሞቱን ወይም ሕይወቱን ትወስንለታለህ? በሌላ ቦታ ቢሆን አይሆንም እል ነበር። በሶቢቦር ግን 600 ሰው መጠየቅ ማለት አንድም ሰው አይወጣም ማለት ነው። ፔቸርስኪና ፌልድሄንድለር ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ግን ይህ የሚያስኬደው መቅረት ራሱ የተረጋገጠ ሞት በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት የቀረውን እስረኛ ሳትጠይቀው በስሙ አትወስንም።

እንግዲህ ሰው እንዴት ይጠየቃል? እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። «ወንድ አይደለህም?» ብሎ ማሳፈር ክልክል መሆን አለበት። የተሸማቀቀ ሰው እሺ የሚለው ከንግግሩ ለመገላገል ነው፤ ግንቡ ሥር ሲደርስ እግሩ ይከዳዋል፤ ያኔ የሚሞተው እሱ ብቻ አይሆንም። የውሸት ተስፋም እንዲሁ። ሌሎቹ ሁሉ ተስማምተዋል ማለት፣ ውጭ የሚጠብቀን መኪና አለ ማለት፣ በሌለበት። ሰው ሕይወቱን ሊሰጥህ ሲሞክር በሐሰት አትቀበለውም። ደግሞ ማጣደፍ አለ። ቤንደራ ቢያጣድፍ እረዳዋለሁ። ነገ ሊገደል የሚችል ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ግን ያ ጥድፊያ የእሱ ነው እንጂ የተጠያቂው አይደለም። ሁለቱ ሰዓታቸው አንድ አይደለም።

እኔ የምጠየቀው ሰው ብሆን ብዬ አስባለሁ። ብዙ ጊዜ ራሴን የማገኘው በዚያ በኩል ነው። እቅድ አውጪው አይደለሁም፤ ቁልፍ ቀራጩም አይደለሁም። ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሰው ጠጋ የሚለኝ ነኝ። ስለ ግንቡ ከፍታ አልጠይቀውም። ስለ ዘበኞቹ ቁጥርም አልጠይቀውም። እሱን አስቦበት ነው የመጣው። የምጠይቀው ከወጣን በኋላ በማግሥቱ ቆጠራ ላይ፣ ከእኔ አልጋ ቀጥሎ የሚተኛው ሰውዬ ምን እንደሚደርስበት ነው። እሱን ምን እናድርገው? እስካሁን አላሰብኩበትም ቢለኝ አልቀየመውም። ቁጭ በል፣ አብረን እናስብበት እለዋለሁ። ምን አገባህ ቢለኝ ግን፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ከዚያ ሰው ጋር አልወጣም።